የቅድመ ታሪክ ቤቶችና መጠለያዎች

የቅድመ ታሪክ ቤቶችና መጠለያዎች ማለት ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት የኖሩ ሰዎች ከብርድ፣ ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከአውሬ ለመከለል የተጠቀሙባቸው ወይም በእጃቸው የሠሯቸው ማረፊያዎች ናቸው። ዘመኑ እጅግ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹ የድንጋይ መሣሪያዎች ከተሠሩ ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲሆን፣ ጽሑፍ ግን በመስጴጦምያና በግብፅ የጀመረው ከዛሬ 5,000 ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በሌሎች አገሮች ጽሑፍ የገባው ከዚያም በጣም ዘግይቶ ስለሆነ፣ ቅድመ ታሪክ የሚባለው ዘመን የሚያበቃበት ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ብዙ ሰው የጥንት ሰው ሲባል የሚታየው ዋሻ ውስጥ እሳት ከቦ የተቀመጠ ቤተሰብ ነው። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም አሳሳች ነው። ዋሻ የሚገኘው ተስማሚ ዓለት ባለበት አገር ብቻ ነው። በሜዳ፣ በሐይቅ ዳርና በወንዝ ሸለቆ የኖሩት ሰዎች፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ የሚገቡበት ዋሻ አልነበራቸውም። ዋሻ ግን በውስጡ የቀረውን ነገር ከዝናብና ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ሜዳ ላይ የተተከለ ጎጆ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዛሬ የምናገኘው ቅሪት ወደ ዋሻው ያጋድላል። የዋሻ ሰው የሚለው ስም የመጣውም ሰዎቹ ከኖሩበት ሁሉ ይልቅ ቅሪታቸው ከተረፈበት ቦታ ነው።

ማስረጃው ከየት ይገኛል

የጥንት ሰው ቤት የሚሠራባቸው ነገሮች በአብዛኛው እንጨት፣ ሣር፣ ቅጠል፣ ቆዳና ጭቃ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ጠፊ ናቸው። አርኪዮሎጂስቶች የሚፈልጉት እንግዲህ ቤቱን ሳይሆን ቤቱ ያረፈበትን ምልክት ነው። ከሁሉ የሚዘወተረው የቋሚ ጉድጓድ ነው። አንድ ቋሚ መሬት ውስጥ ሲተከል ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ጉድጓዱ ከላይ በሚወርድ ሌላ አፈር ይሞላል። ያ አፈር ከአካባቢው በቀለም ስለሚለይ፣ መሬቱ በጥንቃቄ ሲገፈፍ ጥቋቁር ክቦች ሆኖ ይታያል። ክቦቹ በካርታ ላይ ሲነሡ የቤቱ ቅርጽ፣ የበሩ አቅጣጫ፣ አንዳንዴም ቤቱ ስንት ጊዜ እንደታደሰ ይታወቃል።

ሁለተኛው ምልክት ምድጃ ነው። እሳት ደጋግሞ የነደደበት መሬት ቀልቶ ይጠነክራል። ሦስተኛው የቆሻሻ አጣጣል ነው። የአጥንትና የድንጋይ ስብርባሪ በአንድ መስመር ላይ ድንገት የሚቆም ከሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ አሁን የጠፋ ግድግዳ ቆሞ እንደነበር ይገመታል። ቤቱ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ ምርጊቱ እንደ ሸክላ ስለሚጠበስ የማገሩ እንጨትና የጭዱ አሻራ በላዩ እንደታተመ ሺህ ዓመታትን ይሻገራል። ቃጠሎ፣ ጎርፍና የአሸዋ ማዕበል ለባለቤቱ ጥፋት ለተመራማሪው ግን ሲሳይ ናቸው፤ ከታች የሚነሡት ታዋቂ ቦታዎች አብዛኞቹ በዚህ ዓይነት አጋጣሚ የተረፉ ናቸው።

ክርክር ያልተለያቸው ጥንታዊ ቅሪቶች

የመጀመሪያው መጠለያ መቼ ተሠራ ለሚለው ጥያቄ ሁሉም የተስማማበት መልስ የለም። በታንዛኒያ ኦልዱቫይ ሸለቆ ሜሪ ሊኪ 4 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በክብ የተሰበሰበ የባዛልት ድንጋይ ክምር አግኝታ ነበር። ዕድሜው ወደ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እርስዋ ድንጋዮቹ ነፋስ ለመከላከል የተተከሉ ቅርንጫፎችን እግር ለመደገፍ የተከመሩ ሳይሆኑ አይቀርም ብላ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን የዛፍ ሥር ከሥር ያለውን ዓለት ሲሰነጥቅ ተመሳሳይ ክብ ሊፈጠር እንደሚችል አሳይተዋል።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣ ቦታ አለ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር በሚገኘው በመልካ ቁንጥሬ፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ቁፋሮውን የመራው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ ዙሪያው በድንጋይ መሣሪያ ተሞልቶ መካከሉ ባዶ የሆነ ቦታ አገኘ። ዕድሜው ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሻቫዮን ይህ ባዶ ቦታ መጠለያ የቆመበት ሊሆን ይችላል ሲል አስቦ ነበር። ባዶ ቦታ ግን በራሱ ምስክር አይሆንም፤ ውኃም ሊጠርገው ይችላል። መልካ ቁንጥሬ ከጎረቤቱ ከባልጭት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

በደቡብ ፈረንሳይ በኒስ ከተማ የሚገኘው ቴራ አማታ ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያው ጎጆ ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል። ሄንሪ ደ ሉምሌ በ1966 እ.ኤ.አ. ቆፍሮ፣ ከ380,000 ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ዳር የተሠሩ ሞላላ የቅርንጫፍ ጎጆዎችን እንዳገኘ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ፓውላ ቪላ የተባለች ተመራማሪ ከአንድ ድንጋይ የተፈለጡ ስባሪዎችን መልሳ ስትገጣጥም፣ የአንዱ ድንጋይ ቁርጥራጮች ከተለያዩ የአፈር ንብርብሮች የወጡ ሆነው ተገኙ። ንብርብሮቹ ተደባልቀዋል ማለት ነው፤ ንብርብሩ ከተደባለቀ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ የነበረውን ጎጆ ቅርጽ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ተማሪዎች ሥዕሉን በአሮጌ መጽሐፍ ካገኙት ይህን ማስታወስ ይገባቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጠንካራ የሆነው ማስረጃ የመጣው ከዛምቢያ ነው። በካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ፣ ውኃ ባልተለየው አሸዋ ውስጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ የተገጠመ የሁለት ግንድ ቅሪት ተገኘ። የላይኛው ግንድ በታችኛው ላይ እንዲቀመጥ ሆን ተብሎ ጎድጎድ ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ የመሣሪያው ምልክትም በላዩ ይታያል። ላሪ ባርሃም የሚመራው ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ዕድሜው ቢያንስ 476,000 ዓመት ነው። ይህ የእኛ ዝርያ፣ ሆሞ ሳፒየንስ፣ ከመታየቱ በፊት ነው። ግንዶቹ የቤት መሠረት ይሁኑ፣ በረግረግ ላይ የተዘረጋ መረማመጃ ወይስ ዕቃ የሚቀመጥበት ቆጥ አልተለየም። ሆኖም አንድ እንጨት ከሌላው ጋር ለማጋጠም ማሰብ የቤት ሥራ ሁሉ መነሻ ነው፤ ማገርና ቋሚ ያለ ይህ አይቆሙም።

ዋሻና የዓለት ጥግ

እውነተኛ ዋሻ ጥልቅና ጨለማ ስለሆነ ለኑሮ እምብዛም አይመችም። ሰዎች የመረጡት በአብዛኛው የዋሻውን አፍ ወይም ወደ ፊት የወጣ ዓለት የሚያጠላበትን ጥግ ነበር። በዚያ ብርሃን ይገባል፤ ጭሱም ይወጣል።

በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ የሚባለው የዓለት ጥግ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደጋግመው እንደኖሩበት አሳይቷል። በዚያ ዘመን የሰንሰለቱ ከፍተኛ ክፍል በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ነዋሪዎቹ በአካባቢው የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል እያደኑ በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ቦታ ያመጡ ነበር። አየሩ በሳሳበትና ሌሊቱ በሚቆረጥምበት በዚያ ከፍታ፣ ነፋስ የሚከላከል አንድ ዓለትና የማይጠፋ ምድጃ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበሩ። በወላይታ በዳሞታ ተራራ ላይ ያለው ሞቼና ቦራጎም ከ50,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው መጠለያ ሆኖ ያገለገለ ሌላ የዓለት ጥግ ነው።

ዋሻ ውስጥም ቢሆን ሰው ያገኘውን እንዳለ ብቻ አልተቀበለም። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በብሩኒኬል ዋሻ፣ ከመግቢያው 336 ሜትር ወደ ውስጥ፣ ብርሃን ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ፣ ወደ 400 የሚሆኑ የተሰበሩ ስታላግማይቶች (ከዋሻ ወለል ወደ ላይ የሚያድጉ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች) በክብ ተደርድረው ተገኝተዋል። ትልቁ ክብ 6.7 በ4.5 ሜትር ነው። በላያቸው የእሳት ምልክት አለ። ዕድሜያቸው 176,500 ዓመት ገደማ ሲሆን በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የነበሩት ኒያንደርታሎች ብቻ ናቸው። ለምን እንደሠሩት አይታወቅም። ቤት ነው ለማለት የሚያስደፍር የመኖሪያ ቆሻሻ የለም፤ ነገር ግን ሁለት ቶን ያህል ድንጋይ በጨለማ ውስጥ ችቦ ይዞ መሰብሰብ የተባበረና የታቀደ ሥራ ነው።

የማሞት አጥንት ቤቶች

በ1965 እ.ኤ.አ. በዩክሬን መዥሪች በሚባል መንደር አንድ ገበሬ የቤቱን ምድር ቤት ሲያሰፋ አካፋው ከትልቅ የማሞት መንጋጋ ጋር ተጋጨ። ማሞት ዛሬ የጠፋ፣ ጠጉራም የዝሆን ዘመድ ነው። ኢቫን ፒዶፕሊችኮ ቦታውን ሲቆፍር የወጣው ተራ የአጥንት ክምር አልነበረም። የራስ ቅሎችና ረጃጅም አጥንቶች በክብ ቆመው መሠረት ሆነዋል፤ በውጭ በኩል 95 የታችኛ መንጋጋዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እንደ ግንብ ተክበዋል። በዚያ ቦታ በጠቅላላ አራት እንዲህ ያሉ ቤቶች ተገኝተዋል። የተሠሩት ከ18,000 እስከ 15,000 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ለምን አጥንት? በዚያን ጊዜ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ገና አላበቃም ነበር። ከዩክሬን እስከ ሩሲያ ያለው ሜዳ ዛፍ የማይበዛበት፣ ነፋሱ የማይቋረጥበት ቀዝቃዛ የሣር አገር ነበር። ቋሚና ወራጅ የሚሆን እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ የማሞት አጥንት ግን ሞልቷል። የማሞት የታችኛ መንጋጋ ቅርጹ ለመደራረብ የሚመች ነው፤ ጠምዛዛው ረጅም ጥርስ ደግሞ የጣራና የበር ቅስት ይሆናል። በላዩ ቆዳ ተወጥሮ፣ ቆዳው እንዳይነሣ በሌላ አጥንት ይጫናል ተብሎ ይታሰባል። ቆዳው ራሱ ስላልተረፈ የጣራው አሠራር ከግምት አያልፍም።

እነዚህን ሁሉ ማሞቶች ገድለዋቸው ነበር ማለት አይደለም። የአጥንቶቹ ዕድሜ ሲመረመር በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት እንኳ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሞቱ እንስሳት እንዳልሆኑ ታይቷል። ብዙው አጥንት በተፈጥሮ ከሞቱ እንስሳት፣ ምናልባትም ጎርፍ በየሸለቆው ካከማቸው፣ የተለቀመ ይመስላል። የአንድ ትልቅ ማሞት የራስ ቅል ብቻውን ከመቶ ኪሎ ስለሚበልጥ ለቀማውም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ሌሊት ማረፊያ ይህን ያህል አይደክምም፤ ስለዚህ ሰዎቹ ክረምቱን በሙሉ ወይም ዓመት ከዓመት እየተመለሱ ይኖሩባቸው እንደነበር ይገመታል።

ትልቁና አነጋጋሪው ግን በሩሲያ በዶን ወንዝ አጠገብ ኮስቴንኪ 11 በተባለ ስፍራ በ2014 እ.ኤ.አ. የተገኘው ነው። ስፋቱ 12.5 ሜትር፣ ዕድሜው 25,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከ60 በላይ ማሞቶች አጥንት ተከምሮበታል። አፈሩ በውኃ ተንጓሎ ሲመረመር የጥድ ዓይነት ዛፎች ከሰልና የዕፅዋት ዘሮች ተገኙ። እንጨት ፈጽሞ የለም ይባል የነበረው አባባል በዚህ ተስተካክሏል። ክቡ ግን በአንድ ጣራ ለመሸፈን በጣም ሰፊ ነው፤ አንዳንድ አጥንቶችም ሥጋ ሳይለቅቁ የተቀመጡ ይመስላሉ። ሥጋቸው ያልለቀቀ አጥንቶች በተከመሩበት ክብ ውስጥ መኖር ደግሞ ሽታውና አውሬው አያስቀምጥም። ከዚህ የተነሣ ኮስቴንኪ ቤት ሳይሆን የምግብ ማከማቻ ወይም የሥርዓት ቦታ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

በሐይቅ ዳር የተቃጠሉ ጎጆዎች

በ1989 እ.ኤ.አ. በድርቅ ምክንያት የገሊላ ባሕር ውኃ ብዙ ሜትር ሲቀንስ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻው የተቃጠሉ የጎጆ ወለሎች ብቅ አሉ። ኦሃሎ 2 የሚባለው ይህ ቦታ 23,000 ዓመት ዕድሜ አለው። ስድስት ሞላላ ጎጆዎች ነበሩበት። ግድግዳቸው ከአኻያ፣ ከባሉጥና ከሌላ ቅርንጫፍ ተተክሎ በቅጠልና በሣር የተሸፈነ ነበር። ጎጆዎቹ እንደተቃጠሉ ብዙ ሳይቆይ ሐይቁ ስለሸፈናቸው፣ አየር ያላገኘው ቅሪት ሳይበሰብስ ቀረ።

በዚህ ቦታ እንደ ብርቅ የሚታየው የመኝታው ነገር ነው። በአንዱ ጎጆ ወለል ላይ፣ በመካከሉ ካለው ምድጃ ዙሪያ፣ ለስላሳ ሣር በሥርዓት ተነጥፎ ተገኝቷል። በሌላ በኩል የዱር ገብስ የተፈጨበት ድንጋይ ነበር። ከጎጆው ውስጥ የት እንደተፈጨ፣ የት ድንጋይ እንደተጠረበ፣ የት እንደተተኛ መለየት ተችሏል። እነዚህ ሰዎች እርሻን አያውቁም፤ ቤታቸውን ግን እንደ ማንኛውም ባለ ቤት በየሥራው ከፋፍለውታል።

ከክብ ወደ አራት ማዕዘን

ሰው ቋሚ ቤት የሠራው እርሻ ከጀመረ በኋላ ነው የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ነበር። በሰሜን እስራኤል በሁላ ሸለቆ የሚገኘው ዐይን ማላሃ ይህን ያፈርሳል። የናቱፍ ባህል የሚባለው ሕዝብ ከ14,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ግማሽ አካላቸው ከመሬት በታች የሆነ፣ የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ክብ ቤቶች ሠርቷል። የሚበሉት የዱር እህልና አደን ነበር። ቤቱ ቀደመ፤ እርሻው ተከተለ።

በኢያሪኮ ካትሊን ኬንየን ከ1952 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ቁፋሮ የጡብ ቤት መነሻ ታየ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት (ዓክልበ.) ከ9,000 ዓመት ገደማ የሚጀምሩት፣ ክብ ሆነው በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ የተሠሩ ናቸው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ክቡ ቀርቶ አራት ማዕዘን ሆነ። የዚያ ዘመን ጡብ ረዘም ያለ ሲሆን በላዩ ጠራቢው በአውራ ጣቱ እየጫነ ያወጣቸው ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። ለጌጥ አይደለም፤ ጭቃው ጡቡን አጥብቆ እንዲይዘው ነው። የዚያ ሠራተኛ የጣት አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል። ወለሉ በኖራ ተለስኖ እስኪያብረቀርቅ ይታሽ ነበር። ኖራ ለማግኘት ድንጋዩን ከ800 ዲግሪ በላይ ማቃጠል ስለሚያስፈልግ ለአንድ ወለል ብዙ ማገዶ ይጠፋ ነበር።

የቅርጹ ለውጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰፊ ነው። በክብ ቤት ላይ ሌላ ክፍል መጨመር አስቸጋሪ ነው፤ ቤተሰቡ ሲበዛ አጠገቡ ሌላ ክብ ቤት ይሠራል። አራት ማዕዘን ቤት ግን ግድግዳ እየተጋራ ወደፈለገው ጎን ያድጋል። ኬንት ፍላነሪ የተባለ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት ከዚህ ተነሥቶ፣ ክብ ጎጆዎች ባሉበት መንደር ጎተራ የጋራና የሚታይ ሲሆን፣ ባለ ብዙ ክፍል ቤት ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ እህሉን በራሱ ጓዳ መደበቅ ጀመረ ሲል ተከራክሯል። ይህ ሕግ ሆኖ በየቦታው የሚሠራ አይደለም፤ በኢትዮጵያም በሌላውም አገር ክብ ቤት እስከ ዛሬ የሚሠሩ ገበሬዎች የየራሳቸው ጎተራ አላቸው።

ቻታልሆዩክ

በቱርክ በኮንያ ሜዳ የሚገኘው ቻታልሆዩክ ከ7,100 ዓክልበ. ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሰው የኖረበት ትልቅ ሰፈር ነው። ጄምስ ሜላርት በ1958 እ.ኤ.አ. አግኝቶት ከ1961 እስከ 1965 ቆፈረው፤ ኢያን ሆደር ደግሞ ከ1993 እስከ 2018 ምርምሩን መርቷል።

ሰፈሩ መንገድ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ቤቶቹ እንደ ቀፎ ተጣብቀው የተሠሩ ሲሆን ሰው የሚሄደው በጣራዎች ላይ ነው። ወደ ቤት የሚገባውም በጣራው ላይ ባለ ቀዳዳ በእንጨት መሰላል ተወርዶ ነው። መሰላሉ የሚያርፈው በምድጃው አጠገብ ስለሆነ የሚገባው ሰውና የሚወጣው ጭስ በአንድ በር ይተላለፉ ነበር። ጭሱ ግን ሁሉም አይወጣም። በአረጋውያን አፅም የጎድን አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር የካርቦን ክምችት ተገኝቷል፤ ዕድሜ ልክ የተሳበ ጥቀርሻ ነው። ጭስ በሞላበት ማድ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው። በውስጥ በኩል ነጭ ሸክላማ አፈር ይለሰናል፤ ልስኑ በየጊዜው፣ ምናልባትም በየዓመቱ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ስለሚታደስ በአንዳንድ ግድግዳዎች ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ስስ ንብርብሮች በአጉሊ መነፅር ተቆጥረዋል። አንዳንዱ ንብርብር ሥዕል አለበት፤ ከዚያ እንደገና በነጭ ተሸፍኗል። በግድግዳው ሥር ከወለሉ ከፍ ያሉ መደቦች አሉ። በመደቦቹ ላይ ይተኛሉ፤ ከመደቦቹ ሥር ሙታናቸውን ይቀብራሉ። በአንድ ቤት ወለል ሥር ብቻ ከ60 በላይ ሰዎች አፅም ተገኝቷል። ከመደቡ ልስኑ ይነሣል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሟቹ ተጠቅልሎና ጉልበቱ ታጥፎ ይገባል፣ መደቡም ተመልሶ ይለሰናል፤ ቤተሰቡ በዚያው ቤት መኖሩን ይቀጥላል።

አንድ ቤት ከሰባ እስከ መቶ ዓመት ያገለግል ነበር። ጊዜው ሲደርስ ቤቱ ይጠረጋል፣ ጣራው ይወርዳል፣ የግድግዳው የላይኛ ክፍል ወደ ውስጥ ይፈርሳል፤ በዚያ ሙሌት ላይ አዲሱ ቤት በአሮጌው ልክ፣ ምድጃውም መደቡም በቀድሞ ቦታቸው፣ ይሠራል። ጉብታው ሃያ ሜትር ያህል ከፍ ያለው እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደኖረበት የሚሰጠው ግምት በጣም ይራራቃል፤ ከ3,500 እስከ 8,000 የሚለው የተለመደ ቢሆንም፣ ሁሉም ቤቶች በአንድ ዘመን ሰው አልነበረባቸውም የሚሉ ከአንድ ሺህ በታች ያደርሱታል።

የአውሮፓ የእንጨት ቤቶች

ከ5,500 ዓክልበ. ገደማ ጀምሮ ከሃንጋሪ እስከ ፓሪስ አካባቢ የተስፋፉት የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች ደን በሞላበት አገር ስለነበሩ ቤታቸው ከእንጨት ነው። ስፋቱ ከ5 እስከ 7 ሜትር ሲሆን ርዝመቱ ሠላሳ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አምስት ረድፍ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ሦስቱ መካከለኛ ረድፎች ጣራውን ሲሸከሙ ሁለቱ ዳር ያሉት ግድግዳውን ይይዛሉ። ግድግዳው በማገር ተጠላልፎ በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው የሚቆፈረው ከቤቱ ጎንና ጎን ስለሆነ፣ ቤቱ ጠፍቶ እንኳ ሁለቱ ረጃጅም ጉድጓዶች የት እንደቆመ ያሳያሉ። መሬት ውስጥ የተተከለ እንጨት ከእግሩ ስለሚበሰብስ ቤቱ የሚኖረው ከአንድ ትውልድ ብዙ አይበልጥም ነበር።

ከአልፕስ ተራሮች ሥር ያሉት የሐይቅ መንደሮች ሌላ ታሪክ አላቸው። በ1853 እና 1854 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት የዙሪክ ሐይቅ ሲጎድል በሺህ የሚቆጠሩ የእንጨት ቋሚዎች ከጭቃው ብቅ አሉ። ፈርዲናንድ ኬለር ቤቶቹ በውኃ ላይ በተዘረጋ ቆጥ ላይ የተሠሩ ናቸው አለ፤ ይህም ሥዕል የስዊስን ሕዝብ ልብ ማርኮ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ብዙዎቹ የቆሙት በረግረጋማው ዳርቻ ላይ ነው፤ ወለላቸውን ከጎርፍ ከፍ ያደረጉም አሉ። እንጨቱ ውኃ ውስጥ ስለቆየ የዓመት ቀለበቶቹ ይቆጠራሉ፤ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ሳይቀር ይታወቃል። በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር የምትገኘው የአርቦን መንደር ከ3384 እስከ 3370 ዓክልበ. ድረስ ብቻ ኖራ በቃጠሎ ጠፋች። ጽሑፍ ለሌለው ሕዝብ እንዲህ ያለ የዓመት ቁጥር ማግኘት የሚያስደንቅ ነው። ከእነዚህ መንደሮች 111ዱ በስድስት አገሮች ተከፋፍለው በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

ስካራ ብሬ

ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉት የኦርክኒ ደሴቶች ዛፍ እምብዛም የላቸውም፤ በስስ ሳንቃ መልክ የሚፈለጥ ድንጋይ ግን አላቸው። በ1850 እ.ኤ.አ. ክረምት የተነሣ ከባድ ማዕበል የባሕሩን ዳር አሸዋ ጠርጎ የድንጋይ ግድግዳዎችን አወጣ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጎርደን ቻይልድ በሥርዓት ቆፈረው። መንደሩ ከ3,180 እስከ 2,500 ዓክልበ. ገደማ ሰው የኖረበት ሲሆን ከግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች ይቀድማል።

በሌላ ቦታ በእንጨት ይሠሩ የነበሩ ዕቃዎች በዚህ በድንጋይ ስለተሠሩ የቤቱ ውስጥ እንዳለ ቆይቷል። አብዛኞቹ ቤቶች አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው። መካከሉ ላይ አራት ማዕዘን ምድጃ፣ በቀኝና በግራ በድንጋይ ጠፍጣፋ የተከበቡ አልጋዎች፣ ከበሩ ትይዩ ባለ ሁለት ደረጃ የድንጋይ መደርደሪያ አለ። የሚገባ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ያለውን መልካም ዕቃ በዚያ ያሳይ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በወለሉ ላይ መጋጠሚያቸው በሸክላ ጭቃ የተደፈኑ ትናንሽ የድንጋይ ሣጥኖች አሉ፤ ምናልባት ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ቀንድ አውጣ መሰል ባሕራዊ ፍጥረት በውኃ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ከቤቶቹ ሥር የሚያልፍ የፍሳሽ ቦይም ነበር። በሩ የድንጋይ ሳንቃ ሆኖ ከውስጥ በመወርወሪያ ይዘጋል፤ መወርወሪያው የሚገባበት ቀዳዳ በግድግዳው ላይ ይታያል።

ግንበኞቹ ቤቶቹን የሠሩት አስቀድሞ በተጠራቀመ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ነው። አመድ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ አጥንትና ፍግ ተደባልቆ እንደ ጭቃ ሲጠነክር ግድግዳውን ይደግፋል፤ ነፋሱንም ይከለክላል። ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው መተላለፊያ እንኳ በድንጋይ የተከደነ ስለነበር፣ ነዋሪው በክረምት ማዕበል ጎረቤቱን ለመጠየቅ ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልገውም ነበር። ጣራቸው ከምን እንደነበር አልተረፈም፤ የዓሣ ነባሪ አጥንት ወይም ባሕር ያመጣው ግንድ ላይ የተዘረጋ ሣርና ቆዳ ሊሆን ይችላል። መንደሩ ሲሠራ ከባሕሩ ርቆ ነበር፤ ዛሬ ማዕበሉ እደጁ ድረስ ስለሚመጣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በመከላከያ ግንብ ተደግፎ ቆሟል።